የአንኮበር «የክረምት ልዩ ቅናሽ»፦ ብር ከመላካችሁ በፊት

ግንቦት ሲጋመስ ያ ማስታወቂያ እንደገና ብቅ አለ። «አንኮበር፣ የክረምት ልዩ ቅናሽ፣ ለሦስት ወር ጸጥ ያለ ኑሮ።» ፎቶውም ያው ነው። ባለፈው ዓመት እኔን ያሞኘኝ እሱ ነው። ሌላ ሰው ሳይከፍል ልጻፍ ብዬ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም። መኖሪያ ቤት የነበረ፣ አራት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ከዚህ በላይ ምልክት አልሰጥም።

ሥራዬ ትርጉም ነው። ኮምፒውተርና ጸጥታ ካለኝ የትም እሠራለሁ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲያንገፈግፈኝ ዕቃዬን እህቴ ቤት አስቀመጥኩ። በአዳር 1,200 ብር የሚከራይ ክፍል በወር 9,000 ሲባል ማን እምቢ ይላል? ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም። 27,000 ብር በቴሌብር በአንድ ጊዜ ላክኩ። የተበላሁት እዚህ ላይ ነው።

ፎቶው የጥቅምት ነበር። በጥቅምት ከአንኮበር ጫፍ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ የአፋር ቆላ እስከ ሩቅ ተዘርግቶ ይታያል። በሐምሌ ግን ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ይመጣና የግቢውን በር እንኳ ይሸፍነዋል። ጭላዳዎቹን ድምፃቸውን እየሰማሁ መልካቸውን ሳላይ ሳምንት አለፈ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። የሸዋ ነገሥታትም እዚያው ጉም ውስጥ ከርመዋል። እንዲያውም ጉሙን ወድጄው ነበር። ቅሬታዬ ሌላ ነው።

ስደርስ የተቀበሉኝ ዘበኛው ብቻ ናቸው።

«ወጥ ቤቷስ?»

«ትናንት ተሰናበተች፣ የኔ ልጅ። በክረምት ማን ይመጣል ብለው።»

«ባለቤቱስ?»

«እሳቸውማ ክረምት ክረምት ደብረ ብርሃን ናቸው።»

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ከዋጋው ጋር ቤቱ ራሱ ተቀንሷል። ቁርስ የለም። ጄኔሬተር አለ፣ ነዳጅ የለውም። መብራት ሲሄድ ሙቅ ውሃውና ዋይፋዩ ተከታትለው ይሄዳሉ። አንዴ ሦስት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ሥራዬን ለማስረከብ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄድኩ። የእሳት ምድጃው እውነት ነው፤ ማስታወቂያው አልዋሸም። እንጨቱ ግን በሸክም ለብቻው ይከፈላል። ያውም እርጥብ ባሕር ዛፍ፣ ከሙቀቱ ጭሱ የሚበዛ። ግድግዳው ሻገተ፤ ብርድ ልብሱ ከላዬ ላይ እንደረጠበ ያድራል። ዘበኛው የራሳቸውን የመንዝ ባና ባያውሱኝ ኖሮ ነሐሴን አልጨርስም ነበር። ፍልሰታን በበሶና በቆሎ ነው የጾምኩት። ለነፍሴ ጥሩ ሊሆን ይችላል።

ለባለቤቱ ስደውል መልሱ አንድ ነው፦ «እህቴ፣ ዋጋው እኮ የቀነሰው ለዚህ ነው!» ልክ ነው። ግን ብሬን ሲቀበል ይህን አልነገረኝም።

ከዚያ ጳጉሜ መጣች። እስከዛሬ የተከራየሁበት ቤት ሁሉ ጳጉሜን አስከፍሎኝ አያውቅም። ሰውዬው ግን «ጳጉሜ በውላችን የለችም፤ በአዳር ሂሳብ ነው» አለ። አምስት ቀን በ1,200፣ 6,000 ብር! ሳቄ መጣ። ከፈልኩ ግን፤ በዚያ ዝናብ ዕቃ ይዤ የት እሄዳለሁ? መስከረም 10 ላይ ደግሞ «ለመስቀል እንግዳ ስላለን ወደ ጓሮው ክፍል ዘወር በይልን» ተባልኩ። ጥዬ ወጣሁ። የቀሪውን 20 ቀን ስጠይቅ «የተከፈለ አይመለስም» አለኝ።

ሕግ የሚያውቅ ጓደኛዬን አማከርኩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። መብቱ አለኝ ማለት ነው። ማስረጃውስ? በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነበር። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ። ማስታወቂያውንም ስክሪንሾት አላነሳሁትም (ዘንድሮ አንስቻለሁ)። ጓደኛዬ ሌላም ነገር አስተማረኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ሰጪው ካፈረሰ ደግሞ ቀብዱ ይቀራል። ስለዚህ የምትልኩት ብር ቀብድ ይሁን ኪራይ በጽሑፍ ይግባ። እኔ ሁሉንም «ኪራይ» ብዬ ነው የላክኩት።

ባለቤቱ የሦስት ወር ቅናሽ አለ ካላችሁ፣ ቅናሹን ተቀበሉና በየወሩ እንክፈል በሉ። በዚህ ካኮረፈ ይቅርባችሁ። የጥቅምቱን ፎቶ ተዉትና ዛሬ የተቀረጸ ቪዲዮ ይላክላችሁ፤ ቧንቧው ሲከፈት ጭምር። ማን እንደሚያበስል፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ማን እንደሚገዛ፣ ጳጉሜ እንዴት እንደምትታሰብ አስጽፉ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሄዶ ማየት ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን አድራችሁ ጠዋት ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ።

ትናንት በወንድሜ ስልክ ለባለቤቱ ደወልኩለት። ድምፄን ቀየር አድርጌ ወጥ ቤት አለች ወይ አልኩት። «አለች።» ጄኔሬተርስ? «አለ።» ጳጉሜስ? ትንሽ ዝም አለ።

«እህቴ፣ አምና ሦስት ቁጥር የነበርሽው ነሽ አይደል?»