ጣሳ የተደፋባት ቤት፦ ከፒያሳ በታች ያለች ጠላ ቤት

ስለዚህች ቤት ስጽፍ መጀመሪያ የሚቸግረኝ ስሟ ነው። ስም የላትም። ታፔላም የላትም። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ ጥምቀተ ባህር ቁልቁል ስትወርዱ አንድ ጠባብ ቅያስ ታገኛላችሁ፤ እዚያ ውስጥ፣ አጥር ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ፣ ጣሳ ተደፍቶ ይታያል። ታፔላው እሱ ነው። ጣሳው ካለ ጠላ አለ። ከወረደ ጋኑ ተሟጧል ማለት ነው፤ ነገ ተመለሱ።

ችግሩ ጣሳ ሁሉ ታፔላ አለመሆኑ ነው።

ለሥራ ጎንደር በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ «ጣሳውን አይተህ ግባ፣ እዚያ እጠብቅሃለሁ» አለኝ። ጣሳውን አየሁ፣ ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «እንደምን ዋሉ አባባ?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግባ ልጄ» አሉኝ። ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ጠጪ የለም። ዛሬ ገበያው ቀዝቅዟል አልኩ በሆዴ። ጓደኛዬም አልደረሰም።

እማማ ከጓዳ ብቅ አሉና ውሃ አምጥተው አስታጠቡኝ። መስተንግዶ ማለት እንዲህ ነው! ሽሮ መጣ፣ ቃሪያ ስንግ መጣ። «አፈር ስሆን» እያሉ አጎረሱኝ። ቡና ተቆላ። አባባ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ደሞዜ ስንት እንደሆነ፣ እስካሁን ለምን እንዳላገባሁ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። ጠላው ብቻ አልመጣም። በሁለተኛው ቡና ላይ አላስቻለኝም፤ «እማማ፣ እንግዲህ ጠላው ይቅርና ሂሳብ ስንት ነው?» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባባ እማማን አዩ፣ እማማ እኔን አዩ። ከዚያ እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ለካ የወተት ጣሳ ነው! አጥበው እንዲደርቅ አጥር ላይ ደፍተውት ነው። ጠላ ቤቱ ቀጥሎ ያለው በር ነው። «ታዲያ እኔ ማን መሰልኳችሁ?» ብላቸው፣ «የእግዜር እንግዳ ነዋ!» አሉ አባባ።

ወደ ግምገማው ልመለስ።

ባለቤቷ እትዬ ጠላውን ቀድተው ከመስጠታቸው በፊት ትንሽ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ። መርዝ የለበትም ለማለት ነው ይባላል። እኔ ግን ፊታቸውን ነው የማየው፤ ቅንድባቸው ከፍ ካለ ጠላው ደርሷል። ጋናቸውን በወይራ አሳምረው ያጥናሉ። የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ ጭሱ ይመጣል፣ ከኋላ ጌሾው መረር ይላል። ዳሸን ቢራ እዚሁ ከተማችን ነው የሚጠመቀው፤ እወደዋለሁም። እንደዚህ ዓይነት ጭስ ግን በጠርሙስ አይመጣም። ምክሬ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሂዱ። አምሽታችሁ ከሄዳችሁ የሚደርሳችሁ ቅራሪ ነው፣ ያኔ እኔን እንዳትወቅሱ።

አንዳንድ ቀን ኮረፌም አለ። ኮረፌ የእኛ አካባቢ የገብስ መጠጥ ነው፤ ከጠላ ወፈር ይላል፣ ገና እየፈላ ይጠጣል። ለስለስ ስላለልኝ ሦስተኛ ጣሳ ጨመርኩ። ሆዴ ለሁለት ቀን አኩርፎኝ ከረመ።

የሚበላ ቆሎ ብቻ ነው። ቆሎው ግን ትኩስ ነው፣ ሽምብራውም አልተሰሰተም። ዋጋው ርካሽ ነው፤ አንድ ጣሳ ጠላ ፒያሳ ከሚጠጣ ማኪያቶ ይረክሳል። ስለ መጸዳጃ ቤቱ አልጽፍም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ግቢው ውስጥ በግ አለ። አተላ ነው የሚበላው። ጠዋት ጨዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ሞቅ ይለውና በሩ ላይ ይቆማል፤ ገቢውን ትቶ ወጪውን ብቻ ይወጋል። ጓደኛዬ «ሂሳብ ሳይከፍል የሚወጣውን ለይቶ ያውቃል» ይላል። እኔ ከፍዬም ተወግቻለሁ።

አንድ የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ቤቷ ጢም ብላ ሞልታ ሳለ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ገባ። የቡርቧክስ ልጅ ነው፤ ያ መንደር አዝማሪ እንደሚያበቅል ጎንደር የኖረ ሁሉ ያውቃል። ጓደኛዬ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሹክ አለው። ገባኝ፤ ግን ረፍዷል። አዝማሪው ወደ እኔ ዞረና፦

ጣሳ አይቶ ገብቶ ከማያውቀው ቤት፣
ምሳውን በላና ሂሳብ አለበት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ለ»ን አላልታችሁ ካነበባችሁት፣ «ሂሳብ!» ብዬ ተጣርቻለሁ። አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ዕዳ አለብኝ። ግንባሩ ላይ ብር ለጠፍኩለት። ምን ላድርግ? ዝም ካልኩት ሦስተኛ ስንኝ ሊጨምር ነው።

ለማንኛውም፣ ከመንገዱ ስትገቡ ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን ናቸው፣ ሁለቱም አጥር ላይ ጣሳ አይጠፋም። የግራው ጠላ ቤቱ ነው። እኔ በየበዓሉ አንድ ኪሎ ቡና ይዤ መጀመሪያ የቀኙን አንኳኳለሁ። እማማ ቡናውን ተቀብለው እያሸተቱ፣ «ይቺ እኮ ወለዷ ናት፣ ዋናው አልተነካም» ይሉኛል።