መግነጢሳዊ የአንጎል ማነቃቂያ ለድብርት፦ የአንድ ታካሚ ግምገማ

በምኅጻረ ቃል ቲኤምኤስ የሚባለውን ሕክምና የወሰድኩት ከአንድ በላይ የድብርት መድኃኒት በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክሮ ሳያሽለኝ በመቅረቱ ነው። ሕክምናው ጠቅሞኛል፤ ተመሳሳይ ችግር ላለበት ሰውም ከሐኪሙ ጋር እንዲመክርበት እጠቁማለሁ። ይሁን እንጂ ክሊኒኮች ስለ መሣሪያቸው ዘመናዊነት ብዙ ሲናገሩ የምቱን ኃይልና ቦታ ስለሚወስነው ልኬት ግን እምብዛም አያነሡም፤ ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያወጣ ታካሚ አጥብቆ መጠየቅ ያለበት ደግሞ ስለዚሁ ልኬት ነው።

የሕክምናው መሠረት አዲስ አይደለም። አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ከራስ ቅል ውጭ በሚያዝ ጥቅል ሽቦ የሰውን አንጎል ማነቃቃት እንደሚቻል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለድብርት ሕክምና እንዲውል የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በሽቦው ውስጥ ለቅጽበት የሚያልፈው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩም አጥንቱን አልፎ በአንጎሉ የላይኛው ሽፋን ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው በግራ ግንባር በኩል ያለው ክፍል ነው። ብዙ ሰው ከኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ጋር ስለሚያምታታው ቤተሰብ ይደነግጣል፤ በዚህኛው ግን ማደንዘዣ አይሰጥም፣ ሆን ተብሎ የሚቀሰቀስ መንቀጥቀጥም የለም፣ ታካሚው ነቅቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታከምና ወዲያው ወደ ሥራው መሄድ ይችላል። በሌላ በኩል፣ ምግብ እስከ መተው ለደረሰ ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ለተጨመረበት ብርቱ ድብርት የንዝረቱ ሕክምና የተሻለ ኃይል እንዳለው መታወቅ አለበት።

ዋናው ሥራ የሚሠራው በመጀመሪያው ቀን ነው። ባለሙያዋ ጥቅል ሽቦውን ከግራ ጆሮዬ በላይ ወደ አናቴ ጠጋ አድርጋ ይዛ፣ ዓይኗን ከቀኝ እጄ አውራ ጣት ሳትነቅል ኃይሉን ከፍና ዝቅ ታደርግ ጀመር። ጣቴ ያለ ፈቃዴ ፈንጠር ሲል ትመዘግባለች፣ ቀንሳ ትሞክራለች፣ ሽቦውን ትንሽ አዙራ እንደገና ትሞክራለች። ከአሥር ምት ቢያንስ በአምስቱ ጣትን የሚያንቀሳቅሰው ዝቅተኛው ኃይል የታካሚው የግል መነሻ ይሆናል፤ ሕክምናውም በተለምዶ የሚሰጠው በዚያ መነሻ 120 በመቶ ነው። ቀጥሎ የሚታከመው ቦታ ይለካል። ጣትን ካንቀሳቀሰው ነጥብ 5 ሴንቲሜትር ወደ ፊት መለካት የቆየ ልማድ ነው፤ የጭንቅላት መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ ግን ይህ አለካክ አንዳንድ ታካሚ ላይ ቦታውን ይስታል። የራስን ዙሪያ ለክቶ የሚያሰላ ወይም በኤምአርአይ ምስል የሚመራ ክሊኒክ ከተገኘ ይመረጣል። እኔ የታከምኩበት ክሊኒክ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ቢያከናውንም፣ በመካከል መድኃኒቴ ሲቀየር የመነሻ ልኬቱን በራሱ ተነሣሽነት አልደገመውም፤ ጠይቄ ነው ያስደገምኩት። መድኃኒት፣ አልኮልና የእንቅልፍ እጦት አንጎል ለምቱ የሚሰጠውን ምላሽ ስለሚለውጡ፣ ይህን እንደ ቀላል ጉድለት አላየውም።

ስሜቱን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ምት ከውስጥ የሚሰማ ቀላል ኩርኩም ይመስላል። በተለመደው አሰጣጥ በሰከንድ 10 ምት ለ4 ሰከንድ ይሰጥና እረፍት ይከተላል፤ እንዲህ እየተባለ በአንድ ቀጠሮ 3,000 ምት ይሞላል፣ ከግማሽ ሰዓት በላይም ይወስዳል። ቅንድብና መንጋጋ አብረው ሊርገበገቡ ይችላሉ። የራስ ምታትና የራስ ቆዳ ሕመም በመጀመሪያው ሳምንት የተለመዱ ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ እየቀነሱ ይሄዳሉ። የማሽኑ ድምፅ ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል የጆሮ መድፈኛ ሳያደርጉ መቀመጥ አይገባም። 3 ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጅ አጭር አሰጣጥም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ400 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት የካናዳ ጥናት ውጤቱ ከረጅሙ እንደማያንስ አሳይቷል። ከባዱ ነገር በሳምንት አምስት ቀን፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መመላለሱ ነው፤ ድብርት ከአልጋ መነሣትን እንኳ እንደሚያከብድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

በማስታወቂያ ላይ የሚወጡ የውጤት ቁጥሮች በጥርጣሬ መታየት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ከሕመሙ ሙሉ በሙሉ ያገገሙት እውነተኛውን ሕክምና ካገኙት 14 በመቶ ያህሉ፣ እውነተኛ ምት የሌለበትን ማስመሰያ ካገኙት ደግሞ 5 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ከክሊኒኮች መደበኛ ሥራ የተሰበሰቡ መረጃዎች ግማሽ ያህሉ ታካሚ ጉልህ ለውጥ፣ ሲሶ ያህሉም ሙሉ ማገገም እንደሚያገኝ ያሳያሉ፤ ነገር ግን በእነዚህ ውስጥ ማነጻጸሪያ ቡድን የለም። ለውጡ ዘግይቶ የሚጀምርባቸው ብዙዎች ስለሆኑ፣ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ማቋረጥ አይመከርም። ክሊኒኩ የሕመሙን ደረጃ በየሳምንቱ በመጠይቅ የማይመዘግብ ከሆነ ግን መሻሻሉንም አለመሻሻሉንም በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም።

በጭንቅላቱ ውስጥ ወይም አጠገብ መግነጢስ የሚስበው ብረት፣ የደም ሥር መቆንጠጫ፣ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ወይም የጥይት ስባሪ ያለበት ሰው ይህን ሕክምና መውሰድ የለበትም፤ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ደግሞ አስቀድሞ ለሐኪሙ ያሳውቅ። መንቀጥቀጥ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ መጠጥ በድንገት ያቆመ ወይም ቡፕሮፒዮን የተባለውን የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ ይህን ሳይሸሽግ መናገር አለበት። ስሜቱ ከልክ በላይ እየናረና እየወረደ የሚፈራረቅበት ሰውም እንዲሁ፤ ሕክምናው ወደ ከፍታው ሊገፋው ይችላልና። ድብርቱ ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ክሊኒኩ በዚያን ጊዜ ተጨማሪ ቀጠሮ ይሰጥ እንደሆነና የቀድሞውን ልኬት ፋይል ያስቀምጥ እንደሆነ ውሉ ሳይፈረም በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።