ቹንግ ቻው ወይስ ታይ ሃንግ?

ሁለቱም የሆንግ ኮንግ በዓላት ናቸው። ሁለቱም ወረርሽኝ ለማባረር እንደተጀመሩ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ግን ለየቅል ናቸው።

የቹንግ ቻው ደሴት የዳቦ በዓል በቻይናውያን 4ኛው የጨረቃ ወር ይውላል። የታኦ (የቻይና ጥንታዊ ሃይማኖት) ካህናት ፓክ ታይ በተባለው አምላክ ቤተ መቅደስ ፊት ይጸልያሉ። በእነዚያ ቀናት በልማዱ ደሴቲቱ ሥጋ አትቀምስም፤ ብዙ ምግብ ቤቶች ሳይቀሩ የጾም ያቀርባሉ። ሕፃናት አጊጠው፣ ልብስ ውስጥ በተደበቀ ብረት ተደግፈው፣ አየር ላይ የቆሙ መስለው በሰልፍ ያልፋሉ። በእንፋሎት የበሰለው ነጭ ዳቦ ላይ «ሰላም» የሚል ቀይ ማኅተም ይታተማል። ሰዎች በዳቦ በተሸፈነ ማማ ላይ ወጥተው ዳቦ የሚሻሙበት ውድድር በ1978 እ.ኤ.አ. ማማው ተደርምሶ ሰው ከተጎዳ በኋላ ቆመ። በ2005 በብረት ማማ ተመለሰ። አሁን የሚሻሙት የፕላስቲክ ዳቦ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ይሄ ለዛውን ቀንሶታል።

በታይ ሃንግ ሰፈር የሚከበረው ደግሞ የመኸር አጋማሽ በዓል ነው፤ ሦስት ምሽት። 67 ሜትር የሚረዝም የሣር ዘንዶ፣ የሚጤስ ዕጣን ከራስ እስከ ጅራቱ ተሰክቶበት፣ በጠባብ ጎዳና ይጨፍራል።

ሥርዓቱን ከሥሩ ማየት ለሚፈልግ ምርጫዬ ቹንግ ቻው ነው። አንድ ምሽት ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ወደ ታይ ሃንግ ይሂድ፤ ጥሩ ልብስ ግን አይልበስ፣ ጭሱ አይለቅም።