ሾክ አብዞርበር የምትቀይሩ የፒክአፕ ባለቤቶች፣ ከማሳያው ተጠንቀቁ

እጄ ላይ ያለው ግራሶ ገና አልለቀቀም። ታጥቤ፣ ተረጋግቼ፣ ነገ ልጻፈው ብዬ ነበር። ነገ ግን ንዴቴ ይበርድና «ምን አገባኝ» ብዬ እንደምተወው ራሴን ስለማውቅ አሁኑኑ ልንገራችሁ። የፒክአፔን የኋላ ሾክ አብዞርበሮች አስቀይሬ ተታልያለሁ። ስለ ዕቃው ምንም የማላውቅ ሆኜ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተቃጠልኩ። የሻጩን ትምህርት አንድ በአንድ ሰምቼ፣ ገብቶኝ፣ አመስግኜ ነው የተታለልኩት።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። እሱን ራሱን ባታውቁት እንኳ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ «እኔ ዕቃ ልሸጥልህ ሳይሆን መኪናህ እንዲያርፍ ነው የምፈልገው» የሚል ሰው። የሚቸኩለውንና የሚምለውን ሻጭ ሁላችንም እንጠነቀቀዋለን። ይህኛው አይምልም፤ ይጠይቃል። ምን ያህል ትጭናለህ? ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው የምትነዳው ወይስ ከነጭነቱ? አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር? ባሌስትራ ጨምረሃል? መኪናውን ከፍ አስደርገሃል?

የመጨረሻውን ለምን እንደጠየቀ ስጠይቀው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። «ወንድሜ፣ ከፍ ባለ መኪና ላይ በፋብሪካው ልክ የተሠራውን ከገጠምክ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ዘንጉ ተዘርግቶ ያልቅና ውስጡን ይቀጠቅጠዋል። ካለልኩ የረዘመ ከሆነ ደግሞ ባሌስትራው ሲተኛ መግቢያ ያጣል። ወይ ራሱ ይሰበራል ወይ መያዣውን ከሻንሲው ይነቅላል» አለኝ። ከዚያ ሜትሩን ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። ከላይኛው ቡሎን እስከ ታችኛው ቡሎን ለካ። ሲወጣ ሸሚዙ በጭቃና በዘይት ተበላሽቶ ነበር። እኔ ለሸሚዙ አዘንኩ። አዎ፣ ለሸሚዙ!

ትምህርቱ ቀጠለ። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፣ ሾክ አብዞርበር ኪሎ አይሸከምም አለኝ። ሥራው የባሌስትራውን መዝለል መግታት ነው፤ ፒስተኑ በዘይቱ ውስጥ በቀጫጭን ቀዳዳዎች እየተጨነቀ ሲያልፍ ያ ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ዘይቱ ሲግልና ከአየር ጋር ሲመታ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ ምንም አይዝም። አረፋውን ለመከላከል ናይትሮጅን ይሞሉበታል። ነጠላ ቱቦ ያለውን ዓይነት አንስቶ አሳየኝ። ፈረንሳዊው ደ ካርቦን የፈለሰፈው፣ የጀርመኑ ቢልሽታይን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ለመርሰዲስ ያቀረበው ዓይነት መሆኑን ጭምር ነገረኝ። «ጎማህ ውስጥ 2 ወይም 3 ባር ነው ያለው፤ በዚህ ውስጥ ከ20 ባር በላይ ነው» ብሎ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ዓይኔ ዕቃው ላይ ሲቀር አይቶ መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

«ይህ ለአንተ አይሆንም። ፒስተኑ የሚሄደው በውጭኛው ግድግዳ ላይ ስለሆነ አንድ ድንጋይ መትቶ ካጎደጎደው ይነክሳል፤ ፒስተኑ ተይዞ ይቀራል። ባለ ሁለት ቱቦው የውጭው ቢጎዳ የውስጡ ደህና ነው። ገንዘብህን አታባክን።»

ገንዘብህን አታባክን አለኝ። ሊሸጥ የቆመ ሰው ከውዱ ዕቃ ወደ ርካሹ ይመልሳል? እኔ የተሸጥኩት እዚያች ቃል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሞተር ዘይት በጠርሙስ ቢሰጠኝ እጠጣው ነበር።

ደግሞ የሚያናድደው፣ በኋላ ያለኝን ሁሉ አጣርቼዋለሁ። እውነት ነው። የናይትሮጅኑም፣ የርዝመቱም፣ የ1957ቱም። ሰውየው አንድም ውሸት አልነገረኝም። ውሸቱ ዕቃው ብቻ ነበር።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። ሁለት ሳጥን አወረደ። አንዱን ከፈተው። ሾክ አብዞርበሩ ዘንጉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ በነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሯል። በጋዝ የተሞላው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ታስሮ ነው የሚመጣው። ቢላዋ አወጣና ማሰሪያውን ቆረጠው። ዘንጉ ማንም ሳይነካው፣ በዝግታ፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ መንቀጥቀጥ ተነሣ። እንደዚህ ያለ ነገር አይታችሁ ከሆነ ያምራል። «ግፋው» አለኝ። በሁለት እጄ ተጫንኩት፤ ገፋኝ። ስለቀው እንደገና በራሱ ተነሣ። «ናይትሮጅን ማለት ይህ ነው ወንድሜ» አለና ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ልጁን ጠርቶ ሳጥኖቹን አሸከመውና ወደ መኪናው ላከው። እኔም ልከተለው ዞርኩ።

«ደረሰኙ በማን ስም ይሁን?»

ተመለስኩ። ስሜን ፊደል በፊደል ጠየቀኝ፤ የአያቴንም ጨምሮ። ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ፊደል ሳይሳሳት ጻፈው። እኔ ደግሞ በዚህ ደስ አለኝ! ያ ሁሉ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ወደ መኪናው ስደርስ ልጁ አሮጌዎቹን ፈትቶ ጨርሷል። ከጎማው አጠገብ ሁለት ጥቁር ሾክ አብዞርበሮች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሁለቱም ዘንጋቸው ወጥቷል።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ጠረጴዛው ላይ የተቆረጠው የአንዱ ማሰሪያ ብቻ ነው። ሁለተኛው ታስሮ መሆን ነበረበት። ልጁ ቆርጦት ከሆነ የተቆረጠው ማሰሪያ መሬት ላይ መገኘት ነበረበት። መሬቱን አየሁት፤ ዘይትና አቧራ እንጂ ማሰሪያ የለም። ይህን አይቻለሁ፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው። «ማሰሪያው የታለ?» የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ ሁሉ ያስተማረኝ፣ ከመኪናዬ ሥር ገብቶ ሸሚዙን ያበላሸ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አፈርኩ። ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞም ትኩስ ቀለም ሸተተኝ። ትኩስ ቀለም! እኔ ግን የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው ብዬ በረጅሙ ሳብኩት።

ልጁ መኪናውን ክሪክ ላይ እንዳለ፣ ጎማዎቹ እንደተንጠለጠሉ፣ ዳዶዎቹን እስኪጮሁ አጠበቃቸው። ይህም ራሱን የቻለ ጥፋት መሆኑን አሁን አውቄያለሁ፤ ጎሚኒዎቹ ተጠምዝዘው ስለሚታሰሩ መኪናው መሬት ሲወርድ መቀደድ ይጀምራሉ። ከሌላው በደል ጋር ሲነጻጸር ግን ይህን ይቅር ልላቸው ነው መሰለኝ።

ባዶ ሳጥኖቹን ልወስድ ስል ልጁ «ምን ያደርጉልዎታል? እኛ እንጥላቸዋለን» አለ። አሮጌዎቹንም እንዲሁ። «ግንባታ ላይ ካልሆነ ብረት ምን ይሠራልዎታል» ብሎ ሳቀ። አብሬ ሳቅሁ።

እሑድ ባዶውን ነዳሁት፤ ምንም አልተሰማኝም። የጀርባውን ጥግ ተጭኜ ለቀቅሁት፤ አንዴ ተነሥቶ ቆመ። ባዶ ፒክአፕ ላይ ይህ ሙከራ ከንቱ ነው፤ ወፍራም ባሌስትራ በተደራረቡት ብረቶች ፍትጊያ ብቻ ራሱን ይገታል። ማክሰኞ ግን ግማሽ ጭነት ጭኜ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ ወጣሁ። አንድ ለስላሳ ኩርባ ላይ የመኪናው ጀርባ ከእኔ ተለይቶ ወደ ውጭ መሄድ ጀመረ። የኋላ ጎማዎቹ ከመሬቱ ይልቅ አየር ላይ ነበሩ። መሪውን አቀናሁ፤ ጀርባው አልሰማኝም። ከፊት ለፊቴ የሚመጣ መኪና ስላልነበረ ነው ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ።

የማውቀው መካኒክ ዘንድ ወስጄ አስፈታኋቸው። አንዱን አቁሞ ዘንጉን ወደ ታች ገፋው። ወረደ፤ እዚያው ቀረ። እንደ ምስማር። ጎትቶ አወጣው፤ መጀመሪያው ሲሶ ላይ ምንም የሚይዘው ነገር የለም፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ከበድ አለው። «ሲጎተት ሲገፋ ከሚከብደው በላይ መክበድ ነበረበት» አለኝ። በምስማር ጫረው። ከጥቁሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም፤ ከሰማያዊው ሥር ዝገት ወጣ። አቧራ መከላከያውን ገለጥ ሲያደርገው ዘንጉ ላይ ቁመቱን ተከትለው የወረዱ ጭረቶች ታዩ። ከታች በኩል፣ የምስማር ራስ የምታክል የብየዳ ጠብታ አለች። በስተው፣ ያገኙትን ዘይት ሞልተው፣ በይደው፣ ቀብተውታል። ጋዝ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ሁለተኛውም እንደ ወንድሙ ነው።

ሐሙስ ሁለቱንም በጆንያ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሰውዬው ሌላ ደንበኛ እያስተማረ ደረስኩ። ጠረጴዛው ላይ ያቺው ሾክ አብዞርበር ተጋድማለች፤ ያቺው መሆኗን ያወቅሁት እኔ ፊት በቢላዋው የተጫረችው ቦታ ላይ ነው። እኔ ጋ ማሰሪያዋ ነጭ ነበር፤ አሁን ጥቁር ሆኗል። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ታስራ ስንት ጊዜ እንደተፈታች እሷ ናት የምታውቀው።

«ጋሼ፣ ያስታውሱኛል?» አልኩት። «ጋሼ» ያልኩት ከልማድ ነው፤ ስለዚህም ራሴን ረግሜያለሁ።

«በቀን ስንት ሰው ይገባል። ማንን ላስታውስ?» ጆንያውን ከፍቼ አንዱን ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሣ ሰው አንሥቶ መልሶ ጣለው። «ይህ ከእኛ የወጣ አይደለም።» ደረሰኙን አሳየሁት። በዚያ በሚያምር ጽሕፈት ስሜ እስከ አያቴ ተጽፎ ከሥሩ «ሾክ አብዞርበር፣ የኋላ፣ 2» ይላል። የሠሪው ስም የለም። የዕቃው ቁጥር የለም። «ታዲያ ይኸኛው ስለመሆኑ የት ላይ ተጻፈ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ለመሆኑ ምን ጭነህ ነበር ሰውዬ?» ቅዳሜ ወንድሜ ነበርኩ፤ ሐሙስ ሰውዬ ሆንኩ። ግማሽ ጭነት ነው አልኩት።

«ሾክ አብዞርበር ኪሎ አይሸከምም! ነግሬህ አልነበር?»

«ካላወቅከኝ መቼ ነገርከኝ?» አልኩት። ያፍራል ብዬ ነበር። ሳቀ። ገንዘብ ተቀባይዋም ሳቀች። ልጁ ጆንያዬን ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠና «አባቴ፣ ሰው ይጠብቃል» ብሎ በትከሻው ወደ በሩ መራኝ። ለደንበኛው «ወንድሜ፣ እሱን አይደለም የሚገጥሙልህ፤ ሂድና መኪናህ ሥር እይ» አልኩት። እብድ እንደሚያዩ አድርጎ አየኝ። አልፈርድበትም። ቅዳሜ ዕለት አንድ ጆንያ የታቀፈ ሰው መጥቶ እንዲህ ቢለኝ እኔም በዚያው ዓይን ነበር የማየው።

እንግዲህ የምትገዙ ከሆነ ማሰሪያውን ራሳችሁ ቁረጡ፤ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ጎማው ሥር፣ ሁለቱንም። በሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ዕቃው ላይም ይኑር፣ ያው ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ዳዶው የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ሲቆም ነው። ደረሰኙ በማን ስም ይሁን ብለው ከመኪናችሁ ቢጠሯችሁ በማንም ስም ይሁን በሏቸው። አሮጌዎቹንም ይዛችሁ ውጡ።

እኔ የኔን ትቼ ወጥቻለሁና፣ ይህ የመጨረሻው ለእናንተ ነው። በግራ በኩል የነበረው አሮጌው ሾክ አብዞርበሬ ከታችኛው ቀለበት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ድንጋይ የመታው፣ አውራ ጣት ልክ የምትገባበት ጎድጓዳ አለው። ባለ ሁለት ቱቦ ስለነበረ አልነከሰም፤ ሰውዬው እንዳለው። ቀለም ጎድጓዳ አይሞላም። በዚህ ሰሞን የኋላ ሾክ አብዞርበር በ«አዲስ» የቀየራችሁ ካላችሁ ውረዱና ዳስሱ። አውራ ጣታችሁ ከገባ የኔ ነው።