ኮሪያኛን በአማርኛ በኩል፦ በድሬዳዋ የተከታተልኩት የጀማሪዎች ኮርስ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በሚገኝ አንድ የቋንቋ ማስተማሪያ ማዕከል ለ3 ወር የሚሰጠውን የጀማሪዎች የኮሪያኛ ኮርስ በቅርቡ አጠናቅቄያለሁ። ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሙቀቱ በረድ ካለ በኋላ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይሰጣል፤ ክፍያው በወር 900 ብር ነው። መመዝገብ ለሚያስቡ የከተማችን ልጆች እንዲጠቅም፣ በተለይ ሰዋስው የተማርንበትን መንገድ አስፍሬያለሁ።

መምህርታችን ሰዋስውን ያስጀመሩን ከአማርኛ ተነሥተው ነው። ሰሌዳው ላይ «እኔ ሩዝ እበላለሁ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ «ቸንን ፓብል መገዮ» የሚለውን አሰፈሩና የላዩን ቃል ከታቹ ጋር በመስመር አገናኙት። አንዱም መስመር ሌላውን አላቋረጠም፤ ኮሪያኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣልና። «ጠረጴዛው ላይ» የምንለውንም ኮሪያውያን በዚያው ቅደም ተከተል «ቼክሳንግ ዊኤ» ይሉታል። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብቻዬን ስሞክር ወራት የፈጀብኝ ነገር በዚያ ምሽት ግልጽ ሆነልኝ።

ልዩነቶቹም አልተድበሰበሱም። አማርኛ «ሩዝ በላሁ» ሲል «ን» አይጨምርም፣ «ሩዙን በላሁ» ሲል ግን ይጨምራል፤ የኮሪያኛው «እል» ወይም «ርል» ግን ተሳቢው የታወቀም ይሁን ያልታወቀ ይገባል። ለባለቤቱ የሚጨመረውን «ኢ» ወይም «ጋ» ደግሞ እኛ አማርኛ ብቻ የምንናገር ተማሪዎች በየዓረፍተ ነገሩ እንረሳው ነበር። ኦሮምኛ አፉን የፈታበት የክፍላችን ልጅ ግን «ይኼማ የእኛው ‹ነምኒ ዹፌ› ነው!» አለ። እውነቱን ነበር፤ ኦሮምኛ «ሰው መጣ» ሲል ባለቤቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። መምህርታችንም ከዚያ በኋላ ምሳሌ በሰጡ ቁጥር የኦሮምኛውን ይጠይቁት ነበር፤ ይህ ድሬዳዋ ውስጥ የሚማር ሰው የሚያገኘው ጸጋ ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን «እን» እና «ንን» የሚባሉትን፣ ስለ ማን እንደምንናገር የሚያመለክቱትን ምዕላዶች ከ«ኢ» እና «ጋ» መለየት ነው። መምህርታችን «እኔማ፣ እሱማ» ከሚለው ከ«ማ» ጋር አነጻጸሩልን። ንጽጽሩ እስከ ግማሽ መንገድ ያደርሳል፤ የእኛ «ማ» ግን ጫና አለባት፣ የኮሪያኛው ደግሞ ራስን በማስተዋወቅ ተራ ንግግር ውስጥም ይገባል። እዚህ ላይ ተጨማሪ ልምምድ ያስፈልገን ነበር።

የኮሪያኛ ግስ ለእኔ፣ ለአንቺና ለእነሱ አይለዋወጥም፤ «መገዮ» ለሁሉም ያገለግላል። የሚለዋወጠው ለአክብሮት ነው፦ «ካዮ» ማለት ይሄዳል፣ «ካሴዮ» ማለት ደግሞ አንቱታው ያለበት ይሄዳሉ። በእኛ ከተማ ታላቅን «አንተ» ማለት የቅርበት ምልክት እንጂ ንቀት ስላልሆነ፣ ይህን ምላሳችን እስኪለምደው ድረስ መምህርታችን ሳይሰለቹ አርመውናል።

ቅሬታዬ በማዕከሉ ጥራዝ ላይ ነው። የኮሪያኛ ፊደል፣ ንጉሥ ሴጆንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1446 ለሕዝባቸው ያወጁት፣ 14 መሠረታዊ ተነባቢዎችና 10 መሠረታዊ አናባቢዎች ያሉት ነው፤ በአራት ክፍለ ጊዜ ለይተነዋል። ጥራዙ ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ንባቡን በላቲን ይጽፋል። አንዱን አናባቢ በሁለት የላቲን ፊደላት፣ በe እና በo፣ አጣምሮ ስለሚያሳይ «መገዮ» የሚለውን «ሜኦጌኦዮ» እያልን ስናነብ ከረምን። ይህ ድምፅ ለፊደላችን ግዕዝ (እንደ «መ» እና «ገ» ላለው) የቀረበ ነው፤ «እል» ላይ ያለው ሌላው አናባቢም ከሳድሳችን ብዙ አይርቅም። ሴኡል ብለን የምንጽፈው ከተማ እንኳ በአገሩ ሰው አፍ ለ«ሰኡል» ይቀርባል። በእርግጥ የእኛ ፊደልም ሁሉን አይችልም፤ ጠበቅ ብለው የሚነገሩትን የኮሪያኛ ተነባቢዎች «ቀ» እና «ጠ» ብለን ስናነብ ታርመናል። ቢሆንም ለአናባቢዎቹ ከላቲኑ የተሻለ መሣሪያ በእጃችን እያለ አለመጠቀማችን ያሳዝነኛል።

ቁጥርና ሰዓት በአንድ ምሽት መታጨቃቸውም ስሕተት ነበር። ኮሪያኛ ሁለት የቁጥር ዓይነት አለው፤ ሰዓቱ በአንዱ፣ ደቂቃው በሌላው ይነገራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩልን ተርጉሚ ተብዬ «ሴ ሺ» ብዬ ጀመርኩ፤ ትክክለኛው «አሆፕ ሺ ሳምሺፕ ፑን» ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነውና። የሰዓት አቆጣጠራችን ከእነሱ በ6 ሰዓት እንደሚለያይ አስቀድሞ ያስታወሰን አልነበረም፤ ክፍሉ በሙሉ በዚሁ ተሳሳተ።

ለሁለተኛው ዙር ተመዝግቤያለሁ። ከመክፈሌ በፊት አዲሱ ጥራዝ ንባቡን በየትኛው ፊደል እንደሚያሳይ ጠየቅሁ፤ ገና እንዳልታተመ ስለነገሩኝ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች ንባብ በእኛ ፊደል ጽፌ ለመምህርታችን ሰጥቻለሁ።