«ራሱን ይጠግናል» ተብሎ የተሸጠልኝ ኔትወርክ፦ ዚግቢ ከወራት በኋላ

ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱን ቀንሳችሁ አንብቡት። ካልቀነሳችሁም አልከፋም።

የገዛሁት ዕቃ ሁሉም የዚግቢ ነው፤ ዚግቢ ማለት የቤት ዕቃዎች ያለ ሽቦ በሬዲዮ የሚነጋገሩበት ደንብ (ፕሮቶኮል) ነው። የውሃ ሴንሰር፣ የበር ሴንሰር፣ ለሳሎንና ለጓዳ የሙቀት ሴንሰሮች፣ ሁለት ስማርት ሶኬቶች፣ ከዚያ ሁሉንም የሚሰበስብ ዩኤስቢ ዶንግል። ዶንግሉ ሳሎን ያለ ራስበሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቷል። ሶፍትዌሩ ከዚግቢ ዕቃዎቹ ጋር የሚነጋገረው ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ እና ቤቱን ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚቆጣጠረው ሆም አሲስታንት ነው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም አሪፍ ናቸው። የሙቀት ሴንሰሮቹ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ስለነሱ የምለው የለኝም። ጉዴ ያለው ውሃው ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር የኖረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቀኑ ይታወቃል፣ ሰዓቱ አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። እናቴ ለዚህ የቆየ ዘዴ አላት። የግቢውን ቧንቧ ከፍታ ከሥሩ የብረት ባልዲ ታስቀምጣለች። ውሃው ሲመጣ ባልዲው ይጮሃል፣ እሷ ትነሳለች፣ ጎማውን ሮቶው ውስጥ ትከታለች፣ ጄሪካኑን ትደረድራለች። እኔ ደግሞ እሷ እንድትተኛ፣ በሷ ፈንታ ስልኬ እንዲጮህ ፈለግኩ።

የውሃ ሴንሰሩ ክብ፣ ነጭ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ከሥሩ ሁለት የብረት ነጥብ አለው። ውሃ ሁለቱን ነጥቦች ሲያገናኛቸው «እርጥብ» ብሎ ይልካል። ባልዲ ውስጥ ግን አይሆንም። ባልዲው ሲሞላ ሴንሰሩ ይሰምጣል፤ ውሃ ደግሞ ዚግቢ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ይውጠዋል። ዝርግ ሳህን ላይ ማስቀመጥ ነው። ውሃው ነጥቦቹን ይነካል፣ ከዚያ በጠርዙ ፈሶ ይሄዳል፣ አንቴናው ደረቅ ይሆናል። ይህን ካስተካከልኩ በኋላ ለሳምንታት እንከን አልነበረውም። ስልኬ ይጮሃል፣ እነሳለሁ፣ እናቴ ትተኛለች። ለሰው ሁሉ ግዙ ግዙ እል ነበር።

ከዚያ አንድ ማታ መብራት ሄደ። እኩለ ሌሊት አካባቢ ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ ውሃ መጣ፤ መጥቶም ሄደ። ስልኬ ዝም። ጠዋት መተግበሪያውን ስከፍት «ደረቅ» ይላል። ወጥቼ ሳይ ሳህኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ዙሪያው ጭቃ ሆኗል። እናቴ ባዶውን ጄሪካን እያነሳች «ያ የፈረንጅ ባልዲህ ተኝቶ አደረ እንዴ?» አለችኝ።

የሚያናድደው ልክ መሆኗ ነው። ተኝቶ ነው።

ዚግቢ ላይ ሦስት ዓይነት ዕቃ አለ። አንዱ ኔትወርኩን የሚመሠርተው አስተባባሪ ነው፤ የእኔ ዶንግል ማለት ነው። ሁለተኛው ራውተር ነው፤ ሁልጊዜ ነቅቶ የሌላውን መልእክት ያስተላልፋል። ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራው ሴንሰር ነው። ይህኛው አብዛኛውን ጊዜውን ሬዲዮውን አጥፍቶ ይተኛል፤ የሚናገረውም በአንድ ወላጅ በኩል ብቻ ነው። ወላጅ የምለው እኔ አይደለሁም፣ ፕሮቶኮሉ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው። የቧንቧው ሴንሰር ወላጅ ሰርቪስ ቤት የተሰካው ስማርት ሶኬት ነው። ሳሎን ያለው ዶንግል ብሎኬትና ቆርቆሮ አልፎ ቧንቧው ጋ አይደርስም። መብራት ሲሄድ ሶኬቱ ይሞታል። ሴንሰሩ ወላጁን ይጣራል፣ መልስ የለም፣ ሌላ ወላጅ ይፈልጋል፣ እሱም የለም።

እሺ፣ መብራቱ ሲመለስስ? ሶኬቱ በደቂቃ ውስጥ ኔትወርኩ ላይ ይመለሳል፤ የኔትወርኩ አድራሻና የምስጢር ቁልፍ ውስጡ ተቀምጠዋል። ሴንሰሩ ግን በዚያ ሰዓት ተስፋ ቆርጧል። ወላጅ ያጣ ሴንሰር በየስንት ጊዜው እንደገና መሞከር እንዳለበት በአብዛኛው ለሠሪው የተተወ ነገር ነው። የእኔ የውሃ ሴንሰር ሠሪ ባትሪ መቆጠብን መርጧል፦ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ላዩ ላይ ያለው ቁልፍ በእጅ እስኪጫን ድረስ ይተኛል። የበሩ ሴንሰር ሠሪ ደግሞ ተቃራኒውን መርጧል። ያኛው መብራት በጠፋ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ወላጅ ሲፈልግ ያድራል፤ ካርቶኑ ላይ «ሁለት ዓመት» የተባለለት ባትሪ ክረምቱን እንኳ አልጨረሰም። አንዱ ቶሎ እጅ ይሰጣል፣ ሌላው ፈልጎ ፈልጎ ይሞታል። ሁለቱም ካርቶን ላይ ያው የዚግቢ ምልክት አለ።

አሁን ሻጩን ላናግረው። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሜሽ ነው፣ ራሱን ይጠግናል» ብለኸኝ ነበር፤ ሜሽ ማለት ዕቃዎቹ መልእክት እየተቀባበሉ የሚያደርሱበት መረብ ነው። አልዋሸህም። ግማሹን ነው የነገርከኝ።

ራሱን የሚጠግነው የራውተሮቹ ክፍል ነው። የዚግቢ መንገድ አፈላለግ የኤኦዲቪ ዘር ነው፤ ቻርልስ ፐርኪንስና ኤልዛቤት ሮየር በ1999 ያቀረቡት፣ በ2003 አርኤፍሲ 3561 በሚባል የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ የወጣው ፕሮቶኮል። ሐሳቡ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም። የቤት ቁጥር በማይታወቅበት ሰፈር የሰው ቤት ስትፈልግ የመጀመሪያውን ሱቅ ትጠይቃለህ፣ ባለሱቁ ቀጥሎ ያለውን ሊስትሮ ይጠይቃል፣ ሊስትሮው ጥበቃውን፤ የሚያውቅ ሰው ሲገኝ መልሱ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ኤኦዲቪም ካርታ አስቀድሞ አይዝም። ሲያስፈልግ ይጠይቃል፣ መንገዱ ሲቆረጥ እንደገና ይጠይቃል። የጓዳውን ሶኬት ነቅዬ አይቼዋለሁ፤ የሰርቪስ ቤቱ ሶኬት ወዲያው ሌላ መንገድ አገኘ። ያየሁት ነውና እመሰክራለሁ።

ግን ጠያቂም ተጠያቂም አንድ ላይ ከጠፉስ? በእኛ ቤት ራውተሮቹ አንድ በአንድ አይወድቁም። ሁሉም የተንጠለጠሉት በአንድ ቆጣሪ ላይ ነው። ኔትወርኩ «ማንም ሊጠፋ ይችላል» ብሎ ያስባል እንጂ «ሁሉም ባንዴ ይጠፋሉ» ብሎ አያስብም።

የእነዚህ ፕሮቶኮሎች አባቶች ሶኬት የሚባል ነገር በሐሳባቸው አልነበረም እኮ። የአሜሪካ ጦር ምርምር ድርጅት ዳርፓ በ1970ዎቹ የፓኬት ሬዲዮ ሲሞክር የታሰበው ለሚንቀሳቀስ መኪናና ወታደር ነበር። በ2002 የበርክሌይ ተመራማሪዎች ከኢንቴል ጋር ሆነው ሜን ግዛት ያለች ግሬት ደክ የምትባል ደሴት ላይ 32 ሴንሰሮች የባሕር ወፎች ጎጆ ውስጥና ዙሪያ ሲያስቀምጡ፣ ሴንሰሮቹ የሚሠሩት በሁለት ሁለት ትንንሽ ኤኤ (AA) ባትሪ ነበር። ያን ሁሉ ዕውቀት ወስደን ዛሬ ግድግዳ ላይ ቸነከርነው።

«ታዲያ ራውተሩን በባትሪ አድርገው» የሚል ይኖራል። ሒሳቡ አያወጣም። የዚግቢ ራውተር ጆሮውን መዝጋት አይችልም፤ መቼ እንደሚጠራ አያውቅማ። አሁን ገበያ ላይ ካሉት ቆጣቢ ቺፖች አንዱ የሆነው ሲሲ2652 ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ሰባት ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል። ሲአር2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ የምትይዘው ወደ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። አካፍሉት፤ አንድ ቀን ከምናምን ነው።

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚዞረው። መፍትሔው ከተፈለሰፈ ቆይቷል። ዋየርለስ ሃርት የሚባለው የፋብሪካ ፕሮቶኮል በ2007 ወጥቷል። ሬዲዮው ያው የዚግቢ ዓይነት ነው፤ አይ ትሪፕል ኢ 802.15.4 የሚባለው የሬዲዮ ደረጃ። ልዩነቱ ሁሉም ዕቃ ሰዓቱን እኩል መያዙ ነው። ጊዜው በ10 ሚሊሰከንድ ተቆራርጧል፤ እያንዳንዱ በተራው ብቻ ይነቃል፣ ይናገራል ወይም ያዳምጣል፣ ይተኛል። ስለዚህ እዚያ በባትሪ የሚሠራውም ሴንሰር የሌላውን መልእክት ያስተላልፋል። ሶኬት አያስፈልግም፣ ወላጅ አልባም የለም። ያው ሐሳብ በ2012 በ802.15.4 ማሻሻያ ውስጥም ገባ። ግን ቦሌ ሱቅ ገብተህ «በተራ የሚነቃ ሜሽ አለህ?» ብትለው ባለሱቁ ጓደኛውን ያያል። ይህ የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም የነዳጅ ማጣሪያ ነው። ለቤት የሚሠሩት ሰዎች መብራት የማይጠፋበት ቤት ነው በሐሳባቸው ያለው።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን «ደረቅ» የሚለው ነው። ሴንሰሩ ጠፍቷል አላለኝም። መተግበሪያው ከሴንሰሩ መጨረሻ የሰማውን ይዞ ተቀመጠ። ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ ላይ የመገኘት ፍተሻውን ብታበሩት እንኳ፣ ቅንብሩን ካልቀየራችሁት የባትሪ ሴንሰርን «ጠፍቷል» ለማለት የሚጠብቀው 25 ሰዓት ነው። ምክንያት አለው። የሚተኛ ዕቃ ዝም ቢል ተኝቶ ይሁን ሞቶ በምን ይታወቃል? ለእኔ ግን 25 ሰዓት ማለት አንድ የውሃ ፈረቃ ማለት ነው። ሴንሰሬ በየሰዓቱ ገደማ ባትሪውን ስለሚያሳውቅ ገደቡን ወደ ሦስት ሰዓት አወረድኩት። አሁን ሲጠፋ ቢያንስ መጥፋቱን አውቃለሁ። የዚህ ዓይነት ዕቃ ያላችሁ ሁሉ ገደቡን ዛሬውኑ ዝቅ አድርጉት።

መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ እሱም አናደደኝ። ለዋይፋይ ራውተር የምንጠቀምባትን፣ መብራት ሲሄድ በባትሪዋ የምታቆየውን ትንሿን ዩፒኤስ ታውቋታላችሁ። ከነሱ አንዷን ሰርቪስ ቤት አስቀመጥኩ፤ በዩኤስቢ መውጫዋ ደግሞ ራውተር እንዲሆን ሶፍትዌሩ የተቀየረ ሌላ ዶንግል ሰካሁ። ሳሎን ያለው ፓይም ዩፒኤስ ላይ ነው። አሁን መብራት ሲሄድ ሶኬቶቹ ይሞታሉ፣ ይህች አትሞትም፤ ሴንሰሩም ወላጅ አያጣም። ከዚያ ወዲህ መብራት ስንቴ ሄደ፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ቁልፍ አልተጫንኩም። ግን ርካሽ የተባለው ሴንሰር ዩፒኤሱና ዶንግሉ ሲደመሩበት ርካሽ አይደለም። ይህን ካርቶኑ ላይ የጻፈ የለም።

ስለ ቀሪው በአጭሩ። የዚግቢውን የሬዲዮ ቻናል 25 አድርጉት፤ ጎረቤት ሁሉ ዋይፋዩን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ስለሚያደርግ 25 ከነሱ በላይ ይወጣል። ዶንግሉን በማራዘሚያ ኬብል አርቁት፤ ዩኤስቢ 3 ወደቦች 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጫጫታ እንደሚያመጡ ኢንቴል ራሱ በ2012 ጽፏል፣ ኬብሏ ለእኔም ለውጥ አምጥታለች። ስማርት አምፖል ግን ራውተር ይሆነኛል ብላችሁ አትግዙ። እናት ባለችበት ቤት አምፖል በግድግዳው ማጥፊያ ይጠፋል።

የዋይፋይ ሴንሰር ሻጩም ዝም አላለኝም፤ «እኔ ጋ ብትመጣ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይኖርብህም» ይለኛል። የአንተ ደግሞ ባትሪ ይበላል፣ ኢንተርኔት ሲቆረጥም ብዙዎቹ ይደነዝዛሉ። የእኔ ኢንተርኔት አይፈልግም። ውሃ ሲመጣ ቧንቧው ከሰርቪስ ቤቱ፣ ሰርቪስ ቤቱ ከሳሎኑ ይነጋገራሉ፣ ቤት ውስጥ ያለቀ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አልመልሰውም፤ ልሽጥህ ብትሉኝም አልሸጥም። ስድቡም ሙገሳውም የእኔ ነው።

መግዛት የምትፈልጉ ግን ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት። መብራት ለሰዓታት ጠፍቶ ሲመለስ ሴንሰሩ ቁልፍ ሳይነካ ይመለሳል ወይ? «አዎ፣ ራሱን ይጠግናል» ካላችሁ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ራውተሩን ንቀሉበት፣ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ምሳ በልታችሁ ተመለሱ፣ እሱ ፊት መልሳችሁ ሰኩት። ከዚያ ሳህን ላይ ውሃ አፍስሱ።