የጨው ውሃ ወይስ ሲሊኮን? የጡት ኢምፕላንት ዓይነቶች ንጽጽር

ጡታቸውን በቀዶ ሕክምና ለማስተለቅ የወሰኑ ሴቶች ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት የትኛው ዓይነት ኢምፕላንት፣ ማለትም ጡት ውስጥ የሚገባው የተሞላ ከረጢት፣ እንደሚያምር ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ልብስ ከተለበሰ በኋላ አንዱን ከሌላው የሚለይ ሰው ስለማይገኝ ለመምረጥ ብዙም አይረዳም። በእኔ አስተያየት መቅደም ያለበት ጥያቄ «ይህ ነገር አንድ ቀን ቢቀደድ በምን አውቃለሁ?» የሚለው ነው። ማንኛውም ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም፤ ኤፍዲኤ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደሚገልጸው፣ ለውበት ሲሉ ካስገቡት ሴቶች እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ለማስወጣት ይገደዳሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ደንቦችም የአሜሪካ ናቸው።

ብዙዎች ሳያውቁት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ የሁለቱም ዓይነቶች የውጭ ሽፋን ሲሊኮን የተባለው እንደ ጎማ ያለ ሰው ሠራሽ ነገር ነው። የሚለያዩት በውስጣቸው በያዙት ነገር ነው። የጨው ውሃው ዓይነት፣ ለታካሚ በደም ሥር ከሚሰጠው ሳላይን ጋር አንድ የሆነ ንጹሕ ፈሳሽ ይይዛል፤ ባዶውን ተጠቅልሎ ከገባ በኋላ በቀጭን ቱቦ ስለሚሞላ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ትንሽ ነው። የሴቲቱ ሁለት ጡቶች በመጠን የማይተካከሉ ከሆነም ሐኪሙ እዚያው አልጋው ላይ እያለች አንዱን በጥቂቱ ጨምሮ ሊያስተካክል ይችላል። ሲቀደድ ደግሞ ነገሩ አይደበቅም፤ ጡቱ እንደተነፈሰ ጎማ በአንድ ቀን ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሟሽሻል፣ ውሃውንም ሰውነት ያለ ጉዳት መጥጦ ያስወግደዋል። ለዓይን የማይመች ሁኔታ ቢሆንም ሴቲቱ ምን እንደደረሰባት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልጋትም። ጉድለቱ በሚዳሰስበትና በሚታይበት ጊዜ ይገለጣል፤ በተለይ ቀጭን በሆነችና የራሷ የጡት ሥጋ አነስተኛ በሆነ ሴት ላይ ጠርዙ ሊዳሰስ፣ ቆዳውም ስታጎነብስ ሊሸበሸብ ይችላል።

የሲሊኮን ጄሉ፣ ማለትም ዝልግልግ ሲሊኮን የያዘው ዓይነት፣ ለስላሳነቱ ወደ ተፈጥሮ ጡት የቀረበ ነው፤ የመሸብሸብ ችግሩም ያነሰ ነው። ከተሞላ በኋላ ስለሚመጣ ግን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይፈልጋል። የመጀመሪያው የሲሊኮን ኢምፕላንት እ.ኤ.አ. በ1962 በሂውስተን ቴክሳስ ከገባ ወዲህ ጄሉ ብዙ ተለውጧል፤ የቀድሞው ሲቀደድ እንደ ማር የሚፈስ ሲሆን፣ የአሁኑ በተለይም ጠንከር ያለው ዓይነት በማንኪያ ቢቆረጥ ቅርጹን እንደማይለቅ የረጋ እርጎ ነው። ይህ ጥሩ ጎን መጥፎ ጎን ይዞ መጥቷል፤ ጄሉ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ሽፋኑ ቢቀደድም ጡቱ ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል፣ ሴቲቱም ሐኪሟም በእጅ ዳሰው ላያውቁት ይችላሉ። ስለዚህ ኤፍዲኤ ምንም ሕመም ባይሰማትም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ዓመት፣ ከዚያም በየ2 እና 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በማግኔት በሚያነሣው መሣሪያ፣ እንድትታይ ይመክራል። ለውበት ተብሎ ለተሠራ ነገር ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ይህን ወጪ አይሸፍንም። ሲሊኮኑ ሲገዛም ከጨው ውሃው ይወደዳል፤ የዋጋውን ልዩነት የሚያሰላ ሰው የምርመራውን ገንዘብ አብሮ ካልደመረ ስሌቱ የተሟላ አይሆንም።

ዕድሜም ይገድባል። ለማስተለቅ ሲባል የጨው ውሃው ከ18 ዓመት ጀምሮ፣ ሲሊኮኑ ደግሞ ከ22 ዓመት ጀምሮ የተፈቀደ ነው።

ከሚሞላው ነገር ይልቅ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የሽፋኑ ገጽ ነው፤ በምክክር ወቅት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ኢምፕላንቱን በእጅ ይዞ በጣት መዳሰስ ልዩነቱን ያሳያል፤ አንዱ እንደ ፊኛ ልሙጥ፣ ሌላው እንደ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ነው። ሻካራው የተሠራው ከሥጋ ጋር ተያይዞ እንዳይዞር ሲሆን፣ በተለይ እንደ እንባ ጠብታ ከታች ወፈር ላሉት ቅርጾች አስፈላጊ ነበር፤ እነዚህ ቢዞሩ ጡቱ ይጣመማልና። ክቡ ግን ቢዞርም ያው ነው። ችግሩ የመጣው ሻካራው ገጽ ኢምፕላንቱን በከበበው ጠባሳ ውስጥ ከሚነሣ ሊምፎማ ጋር ተያይዞ በመገኘቱ ነው። ይህ የጡት ካንሰር ሳይሆን የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ካንሰር ነው፤ እምብዛም የማይከሰት ቢሆንም የተለመደው ምልክቱ ከዓመታት በኋላ ጡቱ ፈሳሽ ቋጥሮ ማበጡ ነው። ፈረንሳይ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. በጣም ሻካራ የሆኑትን ዓይነቶች አገደች፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የተሰኘውን ሻካራ ምርቱን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ። ምልክት የሌላቸው ሴቶች እንዲያስወጡት ኤፍዲኤ አልመከረም፤ ዛሬ አዲስ ለምታስገባ ሴት ግን ሻካራውን የሚያስመርጣት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

መጠኑ የሚለካው በሲሲ ሲሆን አንድ ሲሲ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። 350 ሲሲ ከግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ሦስት አራተኛ እንደማይሞላ ማሰብ ይቻላል። በዚያ ልክ ሩዝ ሰፍሮ፣ በቀጭን ካልሲ ቋጥሮ፣ ጡት መያዣ ውስጥ አድርጎ አንድ ሙሉ ቀን በቤት መዋል ከማንኛውም ፎቶግራፍ የተሻለ ያስተምራል።

ጠባሳውን በሚመለከት ለእኛ ሴቶች አንድ ተጨማሪ ነገር መነሣት አለበት። ጥቁር ቆዳ ለኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ ለሚያብጥ ጠባሳ፣ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በልጅነቷ ጆሮዋ ሲበሳ ያበጠባት ሴት ይህን ሳትጠየቅ ለሐኪሙ መንገር ይኖርባታል፤ ቀዳዳው የት እንደሚሆን፣ ከጡት ሥር፣ ከጡት ጫፍ ዙሪያ ወይስ ከብብት፣ ሲወሰን ይህ መታየት ያለበት ሲሆን፣ የጨው ውሃው ትንሽ ቀዳዳም ለእንዲህ ያለችው ሴት ቁም ነገር አለው።

እንግዲህ ለስላሳነትን የምታስቀድም፣ ሰውነቷ ቀጭን የሆነ፣ ምርመራውንም በጊዜው ለመክፈል የምትችል ሴት ገጹ ልሙጥ የሆነውን ሲሊኮን ብትመርጥ አልቃወምም። ክትትሉን እንደምትፈጽም እርግጠኛ ያልሆነች፣ ወይም ኤምአርአይ በቀላሉ ወደማይገኝበት ቦታ ለመመለስ ያቀደች ሴት ግን ልሙጡ የጨው ውሃ ይሻላታል። ሁለቱም በማሞግራም፣ ማለትም በጡት ራጅ ምርመራ፣ ላይ የጡቱን ከፊል ስለሚሸፍኑ፣ የየትኛውም ባለቤት ምስሉ ከመነሣቱ በፊት ለባለሙያው ትንገረው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የምርቱ ስምና ተከታታይ ቁጥር ያለበትን ካርድ ተቀብላ ከፓስፖርቷ ጋር ታስቀምጠው፤ አንድ ምርት ከገበያ ሲሰበሰብ የእሷ ይሁን አይሁን የሚነግራት ያ ካርድ ነው።